ቀልድና ሴፍቲ፦ በሥራ ቦታ ደህንነት ላይ ስለመቀለድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለዓመታት የሥራ ቦታ ደህንነት ሥልጠና ስሰጥ ሁለት ዓይነት አዳራሽ አይቻለሁ። በአንደኛው ሰው ሁሉ ስልኩን ይነካካል፣ ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ ያንቀላፋል። በሌላው ሰው ይስቃል፣ ከዚያ ድንገት ዝም ይላል። የምፈልገው ያንን ዝምታ ነው። ሰው የሳቀው በራሱ የሥራ ቦታ መሆኑ የሚገባው ያኔ ነው።

ፓሮዲን፣ ማለትም የታወቀ ነገርን አስመስሎ መቀለድን፣ በሥልጠና ውስጥ ማስገባት ከጀመርኩ ወዲህ ከሴፍቲ ባለሙያዎች፣ ከሠራተኛ ተወካዮችና ከአለቆች አንድ ዓይነት ጥያቄዎች ይመጡልኛል። የምሰጣቸውን መልስ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ሰው በሚሞትበት ጉዳይ መቀለድ ነውር አይደለም?

ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ቸኩዬ አላልፈውም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምት መሠረት በየዓመቱ 2.93 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞታሉ። ሌሎች 395 ሚሊዮን ሠራተኞች ደግሞ ለሞት የማያበቃ ጉዳት ይደርስባቸዋል። ሁሉም ጠዋት "ደህና ዋሉ" ብለው ከቤት የወጡ ሰዎች ናቸው።

ነውር መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ግን የሚሳቅበት ነገር ነው። ጣቱን ባጣ ሰው ላይ መሳቅ ነውር ነው። ሽፋኑ የወለቀውን ማሽን "ለጊዜው በዚሁ ይሥራ" ባለው ሰበብ ላይ መሳቅ ግን ነውር የለውም። እንዲያውም ሳንስቅበት የቀረን ጊዜ ነው ሰበቡ ሥር የሚሰደው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የሚባል ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከመደርመሱ አንድ ቀን በፊት ሕንፃው ተሰንጥቆ ታይቷል። እዚያው የነበሩት ባንክና ሱቆች ተዘጉ። የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ። በእነዚህ ሟቾች ላይ መቀለድ አይታሰብም። "ስንጥቅ እኮ ነው፣ ምን ይሆናል?" የሚለውን አነጋገር ግን ዛሬም በየሥራ ቦታው እንሰማዋለን። ይህን አነጋገር መሳቂያ ስናደርገው ሰው ሁለተኛ በቁም ነገር ሊለው ያፍራል። ልፋቴም ለዚሁ ነው።

ፓሮዲ ከተራ ቀልድ በምን ይለያል?

ፓሮዲ ሰው አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር መልክና ድምፅ ተውሶ ይመጣል። ስታዩት ማስታወቂያ፣ ደብዳቤ፣ ዜና ወይም የሥልጠና ቪዲዮ ይመስላል። ሰሙ ያ የታወቀው ቅርጽ ነው። ወርቁ ከሥር ያለው እውነት። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ አዲስ ነገር አይደለም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆን ፊልም እ.ኤ.አ. በ2000 ጀርመን ውስጥ ተሠርቷል። "የፎርክሊፍት (የዕቃ ማንሻ መኪና) ሹፌር ክላውስ" ይባላል፤ አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የድሮ የሥልጠና ፊልሞችን መልክ ቁጭ አድርጎታል። ረጋ ብሎ የሚተርከው ሰው እንኳ ጀርመኖች ድምፁን ከመንገድ ደህንነት የቴሌቪዥን ዝግጅት የሚያውቁት ነው። ክላውስ የፎርክሊፍት ፈቃዱን አግኝቶ ሥራ በጀመረበት ቀን ስህተት በስህተት ላይ ይቆልላል። ደሙ በጣም የተጋነነ ስለሆነ ደም ማየት ለሚከብደው ሰው አልመክርም። አሠልጣኞች ግን በእውነተኛ ሥልጠና ላይ ተጠቅመውበታል። ማስተማሪያን ሲቀልድበት የነበረው ፊልም ራሱ ማስተማሪያ ሆነ ማለት ነው።

ማስፈራራት አይሻልም? የአደጋ ፎቶ ብናሳይ ሰው ይጠነቀቃል።

ፍርሃት አንዳንዴ ይሠራል። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ኪም ዊት የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረበችው ሞዴል፣ ሰው ሲፈራ ሁለት መንገድ አለው። ማድረግ የሚችለው ነገር ከታየው አደጋውን ይከላከላል። ካልታየው ፍርሃቱን ራሱን ይከላከላል፦ ፊቱን ያዞራል፣ "እኔ ላይ አይደርስም" ይላል፣ ወይም አስተማሪው ላይ ሙድ ይይዛል። የተቆረጠ እጅ ፎቶ አሳይታችሁ አዳራሹ ውስጥ ሹክሹክታና ሳቅ ከሰማችሁ ሰዎቹ ጨካኞች ሆነው አይደለም። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ? መውጫ ያጣ ፍርሃት በጥርስ በኩል ይወጣል።

ፒተር ማግሮው እና ኬሌብ ዋረን የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ሳቅ የሚመጣው አንድ ነገር በአንድ በኩል ስህተት ሆኖ በሌላ በኩል ደግሞ ጉዳት የሌለው ሲመስለን ነው ብለዋል። ለእኛ ሥራ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መድረክ ላይ መሰላሉ ሲንገዳገድ ስህተቱን እናያለን፤ ማንም ስላልወደቀ ደግሞ አንሸማቀቅም። ሰው ዓይኑን ሳይጨፍን አደጋውን ረጅም ጊዜ ያየዋል። የደም ፎቶ ይህን ዕድል አይሰጥም።

በተግባር ምን ይመስላል?

ስለ አንድ ሥልጠና ልንገራችሁ። ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ አርባ ያህል ሰው ነበር። ርዕሱ እሳት ሲነሳ እንዴት እንደሚወጣ ነው። ጠዋት ግቢውን ስዞር የአደጋ ጊዜ መውጫው በር በካርቶን ተዘግቶ አገኘሁት። ካርቶኑ እስከ በሩ አናት ተደርድሯል። ላዩ ላይ አቧራ ተኝቶበታል። አጠገቤ የነበረውን የመጋዘን ሠራተኛ "ይሄ መቼ ነው የሚነሳው?" አልኩት።

"እሱማ ቋሚ ሠራተኛ ሆኗል" አለኝ።

ሥልጠናውን የሠራልኝ ይህ መልስ ነው። ልጁን "ይህን ከሰዓት በኋላ መድረክ ላይ ትደግመዋለህ?" አልኩት። እሱ ደግሞ አሳምሮ አመጣው። አንዱን ካርቶን በሲባጎ ከረባት አስሮለት ገባ። የረጅም ዘመን አገልግሎት ሽልማት ሥነ ሥርዓት ነው አለ። ጉሮሮውን ጠረገና ከወረቀት አነበበ፦ "ተሸላሚያችን ካርቶን በሩ ላይ ከተመደበ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረም። አንድም ቀን ፈቃድ አልጠየቀም። ደመወዝ ይጨመርልኝ አላለም። እሳት ቢነሳ እንኳ ከቦታው ንቅንቅ እንደማይል ቃል ገብቷል።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ስትደርስ ግን ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ እየከሰመ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ እንባው እስኪፈስ ስቆ ነበር። ዓይኑን እየጠረገ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ "በሩ አሁንም እንደዚያው ነው?" አለ። ማንም አልመለሰም። ልጁ ብቻ ራሱን ነቀነቀ።

ሥልጠናውን አቋርጠን ሁላችንም ወረድን። ካርቶኑን ለማንሳት ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ከኋላው ያገኘነው በር እጀታው ዝጎ አልዞር አለ። በመዶሻ መታ መታ ተደርጎ ተከፈተ። እሳት ተነስቶ ቢሆን ኖሮ ካርቶኑን አልፎ የሚደርስ ሰው እንኳ በሩን አይከፍተውም ነበር።

ተመልሰን ስንቀመጥ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1911 ኒውዮርክ ውስጥ ስለተቃጠለው የትራያንግል ልብስ ፋብሪካ ነገርኳቸው። 146 ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። አንዱ መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። ይህን ከቀልዱ በፊት ብነግራቸው የሩቅ ታሪክ ይሆንባቸው ነበር። ዝገቱ እጃቸው ላይ ሳለ ስነግራቸው ግን ሌላ ነው።

አንድ ናሙና አሳዩን።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቀላል ነው። ቋንቋውን ሁሉም ያውቀዋል። ይኸውና፦

"ለመላው ሠራተኞች። ጉዳዩ፦ የመሰላሉን ሦስተኛ መርገጫ ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በመጋዘን ውስጥ የሚገኘው መሰላል ሦስተኛ መርገጫው ከተሰበረ ስድስት ወር የሞላው ስለሆነ፣ አስተዳደሩ ጉዳዩን በጥልቀት ሲያጤነው ቆይቷል። በመሆኑም ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ሠራተኛ ከሁለተኛው መርገጫ በቀጥታ ወደ አራተኛው እንዲዘል ተወስኗል። የመዝለል ችሎታ የሌላቸው ሠራተኞች ችሎታውን በራሳቸው ጊዜ እንዲያዳብሩ በጥብቅ እናሳስባለን። ከሠላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለአጥንት ሐኪም።"

እዚህ ውስጥ ምን እንዳለ እዩ። አደጋው አንድ ነው፦ የተሰበረ መርገጫ። የሚሳቅበትም አንድ ነው፦ ችግሩን ትቶ ሠራተኛውን ማስተካከል። በስም የተጠራ ሰው የለም፤ የወደቀ ሰውም የለም። ደብዳቤው ከተነበበ በኋላ ቁም ነገሩ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነገራል። የተሰበረ መሰላል ከአገልግሎት ይወጣል እንጂ አይዘለልም። ሲደገፍ ደግሞ አራት ሜትር ከፍታ ላይ ለሚያርፍ መሰላል እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይራቅ። ሰው ይህን ይይዘዋል፤ ምክንያቱም ማንጠልጠያ አግኝቶለታል።

በምን ላይ ነው የማይቀለደው?

በተጎዳ ሰው ላይ። በአካል ጉዳት ላይ። በሰው ዘር፣ ፆታ፣ ሃይማኖት ወይም አነጋገር ላይ። በአዲስ ሠራተኛ አለማወቅ ላይም ቢሆን አይቀለድም። ይህኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። አዲስ ሰው ላይ የሳቅን ቀን "አልገባኝም" ማለት ያቆማል። ያልገባውን ማሽን ሊነካ ነው ማለት ነው።

ቶማስ ፎርድ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለብዙ ዓመታት ያጠናው ነገር አለ። ሰውን የሚያዋርድ ቀልድ ቀድሞ ጥላቻ ላለበት አድማጭ ፈቃድ የተሰጠው ያህል ይሆንለታል። አድሎ ማድረግ ነውር መሆኑ ይቀርና "ሁላችንም የምንስቅበት" ነገር ይሆናል። ሴቶች በሚሠሩበት ቦታ "ሄልሜቱ ፀጉሯን እንዳያበላሽባት" የሚል ቀልድ ሰምቼ አውቃለሁ። ቦታው ላይ ያለው እውነተኛ ችግር ግን በልኳ የተሠራ ጓንት አለመኖሩ ነበር። ቀልዱ ችግሩን ሸፈነው። ጥሩ ፓሮዲ ቢሆን ኖሮ ሄልሜቱን ሳይሆን ጓንቱን ያነሳ ነበር፦ እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት አጥልቆ ብሎን ለማንሳት የሚታገል አለቃ መድረክ ላይ ይውጣ።

የእኔ መለኪያ ይህ ነው። ቀልዱን የተጎዳው ሰው እናት ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ብትሰማው ትስማማበታለች ወይ? ካልተስማማች ተዉት።

ሠራተኞች በሴፍቲ ማስታወቂያዎቻችን ላይ ያሾፋሉ። ፖስተሩ ላይ ይጽፉበታል። ምን እናድርግ?

አንብቡት። ከምር ነው የምላችሁ፤ ፎቶ አንሱትና አንብቡት።

አንድ ቦታ "ደህንነትዎ ቀዳሚ ዓላማችን ነው" ከሚለው ፖስተር ሥር በእስክሪብቶ "ከኦርደሩ ቀጥሎ" ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። አስተዳደሩ ተናዶ ፖስተሩን በአዲስ ቀየረው፣ የጻፈውን ሰው መፈለግም ጀመረ። እኔ ግን በሁለት ቃል የተጻፈ የኦዲት ሪፖርት ነበር የታየኝ። ሠራተኛው የሚለው ግልጽ ነው፦ ዕቃ የሚላክበት ቀን ሲደርስ ሕጉ ይጣሳል። ለማን ብሎ፣ በየትኛው ቅጽ ይጻፈው? ስሙን ጽፎ ሪፖርት ያደረገው ጓደኛው ምን እንደደረሰበት አይቶ ይሆናል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ጻፈው።

ለጥቂት የተረፈ አደጋን ሪፖርት አድርጉ ብለን እንለምናለን፤ ቅጹ ባዶውን ይመለሳል። በዚያው ቀን ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ ብትሰሙ ግን አደጋው ሁሉ በጨዋታ መልክ ይወራል። ማን ከየት ሊወድቅ እንደነበር፣ የቱ ክሬን እንደሚያጓራ፣ የቱ ማብሪያና ማጥፊያ "እንደሚነክስ"። የሚነክስ ማብሪያ ማጥፊያ ቀልድ አይደለም፤ ከመሬት ጋር ያልተያያዘ ኤሌክትሪክ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል። ቀልዱ ገና እርጥብ ነው፤ አደጋ ሆኖ አልደረቀም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቀልዱን ተከትላችሁ ቀላጁን አትፈልጉት። መፈለግ ያለበት ማብሪያ ማጥፊያው ነው። አንዴ ሰው ከተቀጣ ቀልዱም ይቆማል፤ ያኔ ምንም የምትሰሙበት መንገድ አይኖራችሁም።

ቀስ ብሎ ስለሚገድል ነገርስ? አቧራ፣ ኬሚካል፣ ጩኸት ላይ እንዴት ይቀለዳል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ የሚጠይቀኝ ሰው ግን ጥቂት ነው። ሴፍቲ ሲባል ሁላችንም መውደቅና መቆረጥ ይታየናል። ከላይ ከጠቀስኩት 2.93 ሚሊዮን ሞት ውስጥ ግን 2.6 ሚሊዮኑ በበሽታ ነው። በአደጋ የሚሞተው 330,000 ያህል ነው። የሚገድለን ነገር አብዛኛው ድምፅ የለውም።

ማጋነን እዚህ ጋ ያግዛል፤ ሃያ ዓመት የሚፈጀውን በሁለት ደቂቃ ያሳያል። ለጩኸት የምጠቀምበት ጭውውት አለ። አለቃና ሠራተኛ በማሽን አጠገብ ቆመው ይሰበሰባሉ። አለቃው "ድምፁ ያን ያህል አይደለም!" ይላል። ሠራተኛው "ምን አሉ?" ይላል። "ድምፁ! ያን ያህል! አይደለም!" "እሺ፣ ነገ አመጣዋለሁ!" እንዲህ እየተባባሉ ሄደው መጨረሻ ላይ ቃለ ጉባኤው "ጩኸት እንደሌለ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ" ተብሎ ይፈረማል። የሚሳቀው መስማት በተሳነው ሰው ላይ እንዳልሆነ ልብ በሉ። በመካዱ ላይ ነው።

ከዚያ መለኪያውን እነግራቸዋለሁ። በክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፃችሁን ከፍ ማድረግ ካለባችሁ፣ ጩኸቱ 85 ዴሲቤል ሳያልፍ አይቀርም። ቀኑን ሙሉ በዚህ ውስጥ መዋል ጆሮን ይጎዳል፤ የተጎዳው ጆሮ ደግሞ አይመለስም። የጆሮ መከላከያ የመጨረሻው መፍትሔ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ማሽኑን ማስወገድ፣ መቀየር ወይም ማፈን ይቻላል ወይ የሚለው ነው።

ሰው ሳቁን ብቻ ይዞ ቢሄድስ?

ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም ደርሶብኛል። የማስታወቂያ ሰዎች ይህን ችግር ያውቁታል፦ ቀልዱ ወይም ዝነኛው ተዋናይ የተመልካቹን ትኩረት ይመጥጠውና ዕቃው ይረሳል። ከእኛ ዘንድ የሚረሳው ዕቃ የሰው ሕይወት ስለሆነ ይከብዳል።

መድኃኒቱ ቀልዱን ከአደጋው ጋር አንድ ማድረግ ነው። የካርቶኑን ቀልድ በሩን ሳትጠቅሱ ለሰው መንገር አትችሉም። እንዲህ ያለው ቀልድ በተደገመ ቁጥር ማስጠንቀቂያውም ይደገማል። በሥልጠና መሃል ሰው ለማንቃት ብቻ የሚጣል ቀልድ ግን ከሴፍቲው ጋር ስላልተሰፋ ብቻውን ይሄዳል። ሌላው፣ በአንድ ጭውውት አንድ አደጋ ብቻ። ሦስት ከገባ አንዱም አይያዝም።

የሠራተኞቻችን ቋንቋ የተለያየ ነው። ቀልድ ደግሞ አይተረጎምም።

የቃላት ጨዋታ አይተረጎምም። መውደቅ፣ መንሸራተት፣ መደበቅ ግን ቋንቋ አይፈልግም። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የሚሠሩ ናፖ የሚባሉ አጫጭር የአኒሜሽን ፊልሞች አሉ። ናፖ በቃላት አይናገርም። ያጉረመርማል፣ ይደነግጣል፣ ይሳሳታል። ብዙ ቋንቋ ለሚነገርበት አህጉር የተሠሩ ናቸው። እናንተም ቃል የሌለው ጭውውት ሞክሩ። ተዋናዮቹም ይቀላቸዋል።

የታወቀ ዘፈን ግጥሙን ቀይረን ብንጠቀም ችግር አለው?

ሊኖረው ይችላል፤ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 ፓሮዲ ለንግድም ቢሆን የተፈቀደ አጠቃቀም ሊሆን እንደሚችል ወስኗል። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2014 ለፓሮዲ የተለየ ፈቃድ በሕጓ አስገብታለች። አሜሪካኖቹ ግን አንድ ልዩነት ያስቀምጣሉ። ዘፈኑን ራሱን የሚተች ፓሮዲ የተሻለ ጥበቃ አለው። ዜማውን ተውሶ ስለ ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ ስለ ሄልሜት፣ የሚያወራ ግን ደካማ ነው። እኔ ዘፈን ትቼ የሴፍቲ ማስታወቂያውን፣ ደብዳቤውን፣ ስብሰባውን አስመስላለሁ። ቀልዱም የበለጠ ይጠነክራል፤ ካሳ የሚጠይቅም የለም።

ባለሥልጣን አካላት በሴፍቲ ስም አስቂኝ ክልከላ ሲያወጡስ? እሱ ላይ እንቀልድ?

ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብሪታንያ ውስጥ "ሴፍቲ መሰላል ከለከለ"፣ "ሴፍቲ የልጆች ጨዋታ ከለከለ" የሚሉ ወሬዎች በጣም በዝተው፣ የጤናና ደህንነት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 እንዲህ ያሉ ክልከላዎችን የሚመረምር ቡድን እስከማቋቋም ደርሷል። ሕጉ መሰላል አልከለከለም። አንዳንዱ ሰው ሥራ ሲሰለቸው ወይም ክስ ሲፈራ "ሴፍቲ ነው" ብሎ ይሸሸግበታል። በዚህ መሸሸጊያ ላይ ቀልዱ። ወሬውን ሳታጣሩ ከቀለዳችሁ ግን ሰው ሴፍቲ ማለት የማይረባ ነገር ነው ብሎ ይወጣል። ያ ሰው ነገ ሴፍቲ ቤልቱን ሲፈታ የእናንተ ቀልድ አብሮት አለ።

አለቃዬ ቢቆጣብኝስ?

ብቻችሁን አትቀልዱ። በሠራተኛ ማኅበር ወይም በደህንነት ኮሚቴ በኩል፣ በቡድን አድርጉት። ሰው ሳይሆን ድርጊት ይታይ። የሚቻል ከሆነ አለቃውን ራሱን አሳትፉት፤ ግትሩን አለቃ መጫወት የሚወዱ አለቆች አጋጥመውኛል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ቃል በሥራ ላይ መድገም ያሳፍራቸዋል።

ቀልድ ግን የጽሑፍ ሪፖርትን አይተካም። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155፣ የ1981ዱ፣ በአንቀጽ 13 ላይ በቂ ምክንያት ኖሮት ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ቅርብና ከባድ አደጋ አለ ብሎ ከሥራው ገለል ያለ ሠራተኛ ጥበቃ እንዲደረግለት ይላል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አስገብቶታል። ነገሩ አሁኑኑ ሊገድል የሚችል ከሆነ ጭውውት የማዘጋጃ ጊዜ አይደለም። ሥራውን አቁሙ፣ ተናገሩ፣ ጻፉ።

አደጋ በደረሰበት ሰሞንስ?

አይሆንም። ሰው ያጣ ቡድን ዘንድ ቀልድ ይዞ አይኬድም። መቼ እንደገና መሳቅ እንደሚቻል የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የሟች ጓደኞች ራሳቸው የእሱን ጨዋታ አንስተው ሲስቁ ትሰሙ ይሆናል፤ ያ የእነሱ ነው። እናንተ ቁጭ ብላችሁ ስሙ።

እንደሠራ በምን አውቃለሁ?

በሳቁ መጠን አትለኩ። በሥልጠናው ማግስት "እንዴት ነበር?" ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም "አሪፍ ነበር" ይላችኋል። ምንም አይነግራችሁም። ወር ሁለት ወር ቆይታችሁ ሂዱና የተቀለደበትን ነገር በዓይናችሁ እዩት። መሰላሉ ተቀይሯል? የግራይንደሩ ሽፋን ተመልሷል? ለጥቂት የተረፉ አደጋዎች ሪፖርት ጨምሯል? ሪፖርት ሲጨምር አደጋ በዛ ብለው የሚደነግጡ አለቆች አሉ። ሰው መናገር ጀመረ ማለት ሊሆን እንደሚችል አስረዷቸው።

በሩን ካርቶን ዘግቶት ወደነበረው ፋብሪካ ከወራት በኋላ ተመልሼ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ በሩ ነው። ፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ ቢጫ ቀለም ተቀብቷል። እጀታው ግራሶ ተቀብቶ በአንድ ጣት ይዞራል። ከበሩ ጎን ግድግዳው ላይ ደግሞ አንድ ሰው በወፍራም ማርከር ጽፎበታል፦ "ካርቶን ጡረታ ወጥቷል።" ያንን ጽሑፍ ማንም አላጠፋውም።